ውሻ በቀደደው ቫይረስ ይገባል

«ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል» ይባላል። ውሻው አጥሩን የሚቀደው ለራሱ መውጫና መግቢያ ብሎ ነው። ቀዳዳው አንዴ ከተከፈተ በኋላ ግን ማን እንደሚገባበት ውሻው አይወስንም። በባሌ ደጋ ይህ አባባል ከተረትና ምሳሌነት አልፎ በሳይንስ የተመዘገበ እውነት ሆኗል። ልዩነቱ በቀዳዳው የሚገባው ጅብ ሳይሆን በዓይን የማይታይ ቫይረስ መሆኑ ነው።

የውሻ ነገር ሲነሳ ብዙ ሰው «የኔ ውሻ፣ የኔ ግቢ፣ ምን አገባችሁ?» ይላል። እስቲ ዛሬ ነገሩን ገልብጠን እንየው። ውሻው የባለቤቱ ነው፤ ጤናው ግን የሰፈሩ ነው። ይህን ደግሞ በምክር ሳይሆን በሒሳብ ማሳየት ይቻላል። ሮቤን፣ ጎባንና ከበላያቸው ያለውን ተራራ ይዘን እንሂድ።

የላይኛው ጎረቤት

ከሮቤ ተነስታችሁ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ብትሄዱ ጎባ ትደርሳላችሁ። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ ሽቅብ ይወጣና የሳነቴን አምባ ያቋርጣል። ሳነቴ ከባሕር ጠለል በላይ 4,000 ሜትር ገደማ ላይ የተዘረጋ ሰፊ ሜዳ ነው፤ እዚያው ያለው ቱሉ ዲምቱ ደግሞ 4,377 ሜትር ይደርሳል። ከሮቤ በሌላው አቅጣጫ ወደ ዲንሾ ብትሄዱ የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክን ጽሕፈት ቤት ታገኛላችሁ፤ ከዚያ ወዲያ የዌብ ሸለቆ አለ። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቀይ ቀበሮ የሚኖረው እዚህ ነው። በኦሮምኛ «ጀዳላ ፈርዳ» ይሉታል፤ የፈረስ ቀበሮ እንደማለት ነው። ለመውለድ የደረሰች ባዝራን እየተከተለ የእንግዴ ልጇን ስለሚበላ ነው ይባላል። ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የለም። በሕይወት ያሉት አዋቂ ቀበሮዎች ከ500 ያነሱ ሲሆኑ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ነው ያሉት። አንድ ትልቅ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ ያሉ ተማሪዎች ቁጥር በዓለም ላይ ካሉት ቀይ ቀበሮዎች ሁሉ ይበልጣል ማለት ነው።

ስሙ ቀበሮ ቢሆንም በዝምድና ለውሻና ለተኩላ ነው የሚቀርበው። ሦስቱም ካኒስ በሚባለው ወገን ይመደባሉ። ችግሩም ከዚህ ዝምድና ይጀምራል። ውሻን የሚያጠቃ ቫይረስ ቀይ ቀበሮንም ያለ ችግር ያጠቃል። ዝምድናው ከበሽታም ያልፋል፤ በዌብ ሸለቆ አካባቢ ሴት ቀበሮዎች ከወንድ ውሾች ጋር ተዳቅለው አፈሙዛቸው ያጠረ፣ ሰውነታቸው የደነደነ፣ የጸጉራቸው ቀለምም የተለየ ቡችሎች መወለዳቸው በተመራማሪዎች ተረጋግጧል።

ቀይ ቀበሮ አደን ሲወጣ ብቻውን ነው። ፍልፈልና አይጥ ጉድጓድ አጠገብ አድፍጦ ይጠብቃል። ኑሮው ግን በመንጋ ነው። ጠዋትና ማታ የመንጋው አባላት ይገናኛሉ፣ ይላላሳሉ፣ ይጫወታሉ፣ አብረው የክልላቸውን ወሰን ይዞራሉ። ደስ የሚል ማኅበራዊ ሕይወት ነው። ለቫይረስ ግን ከዚህ የተሻለ መንገድ የለም፤ አንዱ ከታመመ መንጋው በሙሉ አደጋ ላይ ይወድቃል።

ውሻና ቀበሮ የት ተገናኙ?

የባሌ እረኛ ያለ ውሻ ከብት አያሳድርም። ማታ ጅብ ይመጣል፤ የሚጮህለት ያስፈልገዋል። ከብቱ በየወቅቱ ለግጦሽና ለሆራ ወደ ደጋው ሲወጣ ውሻውም አብሮ ይወጣል። ውሻው ግን በቂ ምግብ አይቀርብለትም፤ «ፈልጎ ይብላ» ተብሎ ይለቀቃል። እሱም ፈልጎ ይበላል፤ የሞተ ከብት ላይ፣ የአይጥ ጉድጓድ ዳር፣ ማለትም በትክክል ቀበሮው ያለበት ቦታ።

በሮቤና በጎባም ነገሩ ብዙም አይለይም። ቀን ታስሮ የዋለ ውሻ ማታ ይፈታል። በአጥር ሾልኮ ወደ ገበያው፣ ወደ ሥጋ ቤቱ ጓሮ፣ ወደ ቆሻሻ መጣያው ይሄዳል። እዚያ ከሌላ ሰፈር ውሻ ጋር ይጣላል፣ ይናከሳል። ያኛው ውሻ ደግሞ ከገጠር ገበያተኛን ተከትሎ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ እንዲህ እያለ ከአንድ የሮቤ ግቢ ተነስቶ እስከ ዌብ ሸለቆ የሚደርስ የማይታይ ሰንሰለት ይዘረጋል። መሐንዲሶች እንዲህ ያለውን ነገር ኔትወርክ ይሉታል፤ ግቢዎቹ ነጥቦች፣ ውሾቹ ደግሞ ነጥቦቹን የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው።

በነርቭ የሚጓዘው ቫይረስ

የእብድ ውሻ በሽታ ቫይረስ የሚተላለፈው በዋናነት በንክሻ ነው። በታመመው እንስሳ ምራቅ ውስጥ ያለው ቫይረስ ወደ ቁስሉ ይገባና እንደ ብዙዎቹ ቫይረሶች በደም አይሰራጭም፤ ነርቭን ይዞ ቀስ እያለ ወደ አንጎል ይጓዛል። በሰው ላይ ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚታየው ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ውስጥ ነው፤ ከሳምንት እስከ ዓመት ሊለያይም ይችላል።

አንጎል ከደረሰ በኋላ ሁለት ነገር ይሆናል። አንደኛ የእንስሳው ጠባይ ይለወጣል፤ ረጋ ያለው ይቆጣል፣ ወይም ደግሞ ሰውነቱ ይልፈሰፈሳል፣ መዋጥ ያቅተዋል፣ ለሃጩ ይዝረከረካል። ሁለተኛ ቫይረሱ ከአንጎል ተመልሶ ወደ ምራቅ አመንጪ ዕጢዎች ይወርዳል። መናከስ የሚያበዛ ጠባይና በቫይረስ የተሞላ ምራቅ በአንድ ጊዜ! ቫይረሱ የራሱን መጓጓዣ አዘጋጀ ማለት ነው።

ምልክት አንዴ ከታየ በኋላ በሽታው ሰውንም ሆነ እንስሳን ሊባል በሚችል ደረጃ ሁልጊዜ ይገድላል። በዓለም ላይ በየዓመቱ ወደ 59,000 የሚጠጉ ሰዎች በዚህ በሽታ እንደሚሞቱ ይገመታል። በሰው ላይ ከሚደርሰው ውስጥ 99 ከመቶ ያህሉን የሚያስተላልፈው ውሻ ነው። በሽታው ይኖርባቸዋል ተብለው በሚጠረጠሩ እንስሳት ከተነከሱት ከ10 ሰዎች 4ቱ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው። ስለዚህ ይህ ጉዳይ የቀበሮ ብቻ አይደለም፤ የእናንተና የታናናሾቻችሁም ነው።

የዌብ ሸለቆው ዓመት

እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 በባሌ የእብድ ውሻ በሽታ ቀበሮዎቹን ጨረሳቸው። ከዚያ በኋላ፣ በ1995 የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም ተመሠረተ። በፈረስ እየዞሩ መንጋዎቹን የሚከታተሉና በአካባቢው መንደሮች ውሻ የሚከትቡ ባለሙያዎችም ሥራ ጀመሩ።

በ2003 አጋማሽ ካለፈ በኋላ በዌብ ሸለቆ የሞቱ ቀበሮዎች መገኘት ጀመሩ። ናሙናው ተመረመረና የእብድ ውሻ በሽታ መሆኑ ታወቀ፤ የቫይረሱም ዓይነት በውሾች መካከል የሚዘዋወረው ነበር። ወረርሽኙ ሲያበቃ ከሸለቆው ቀበሮዎች ከአራቱ ሦስቱ ያህል ሞተዋል ወይም ጠፍተዋል።

ታዲያ የቀሩት እንዴት ተረፉ? የባሌ ቀበሮዎች የሚኖሩባቸው ሜዳዎች በጠባብ መተላለፊያዎች ነው የሚገናኙት። ባለሙያዎቹ ቀበሮ ሁሉ እየያዙ ለመከተብ ጊዜም አቅምም አልነበራቸውም። ስለዚህ በመተላለፊያዎቹ አካባቢ ያሉትን መንጋዎች መረጡ። ወደ 70 የሚጠጉ ቀበሮዎች ተይዘው ተከተቡና ተለቀቁ። ጎርፍ ሲመጣ ሜዳውን በሙሉ አትገድቡም፤ ውሃው የሚያልፍበትን ጠባብ በር ነው የምትዘጉት። ወረርሽኙም ከዌብ አልፎ ወደ ሳነቴ ሳይሻገር ቆመ። ከዚህ ልምድ የተገኘው ስሌት በ2006 ኔቸር በተባለው የሳይንስ መጽሔት ታትሟል።

ሆኖም በሽታው አንዴ ተገትቶ አልቀረም። በ2008 እና በ2009 የእብድ ውሻ በሽታ ተመልሶ መጣ። ቀበሮዎቹ ገና ሳያገግሙ በ2010 ካናይን ዲስተምፐር የተባለ ሌላ የውሻ በሽታ ተከተለ። ዲስተምፐር ሰውን አይዝም፤ ውሾችን ግን በትንፋሽና በፈሳሽ እየተላለፈ በተለይ ቡችሎችን ይፈጃል። ከ2018 ጀምሮ ደግሞ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባትን በፍየል ሥጋ ውስጥ ደብቆ ለቀበሮዎች የማብላት ዘመቻ ተጀምሯል። ይሄ ትልቅ እርምጃ ነው። ነገር ግን የበሽታው ምንጭ ውሻ ሆኖ ሳለ ቀበሮውን ብቻ መከተብ ቧንቧው ሳይዘጋ ወለል እንደማድረቅ ነው።

ከ100 ውሻ ስንት ይከተብ?

አሁን ወደ ሒሳቡ እንግባ። ዋናው ጥያቄ ይህ ነው፦ አንድ የታመመ ውሻ ከመሞቱ በፊት በአማካይ ስንት ሌሎች ውሾችን ያስይዛል? ማንም ባልተከተበበት ቦታ ለእብድ ውሻ በሽታ መልሱ ብዙውን ጊዜ ከ1 ይበልጣል፣ ከ2 ግን ያንሳል። እኛ ለምሳሌ 1.5 እንውሰድ።

10 የታመሙ ውሾች 15 ያስይዛሉ፤ 15ቱ ደግሞ 22 ወይም 23፤ እነዚያ ደግሞ 34 ያህል። እሳቱ እየሰፋ ሄደ። አሁን ከውሾቹ ግማሹ ተከትበዋል እንበል። ከሚነከሱት ግማሾቹ ስለማይታመሙ 1.5 ወደ 0.75 ይወርዳል። 10ሩ 7 ወይም 8 ያስይዛሉ፣ እነዚያ ወደ 6፣ ከዚያ 4፣ እያለ ይከስማል። እያንዳንዱን ውሻ ሳንከትብ እሳቱ ጠፋ! ልዩነቱን የፈጠረችው 1 የምትባለው ቁጥር ናት። ከሷ በላይ ከሆነ ይቀጣጠላል፣ ከሷ በታች ከሆነ ይጠፋል።

ቁጥሩን ከ1 በታች ለማውረድ ስንት ውሻ ይበቃል? 1ን ለ1.5 አካፍሉና ውጤቱን ከ1 ቀንሱ። 0.33 ይመጣል፤ ከሦስት አንድ ማለት ነው። ታዲያ የዓለም ጤና ድርጅት ለምን 70 ከመቶ ይከተቡ ይላል?

መልሱን ለማግኘት የሚያንጠባጥብ ሮቶ አስቡ። ዛሬ ሞልታችሁት ብትሄዱም በሳምንቱ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። የውሻ ሰፈርም እንዲሁ ነው። የተከተቡት ይሞታሉ፣ ያልተከተቡ ቡችሎች ይወለዳሉ። ለስሌት እንዲመች ከ100 ውሾች በዓመት 30ው ሞተው በ30 ቡችላ ይተካሉ እንበል። ዛሬ 70 ከከተባችሁ በዓመቱ የሚቀሩት 49 ናቸው። በሁለተኛው ዓመት 34 ይቀራሉ፤ ከ33 በላይ ለጥቂት ተረፍን። 50 ብቻ ከትባችሁ ቢሆን ኖሮ ግን በዓመቱ 35፣ በሁለተኛው ዓመት 25 ያህል ይቀሩ ነበር። በሩ ተከፈተ ማለት ነው። 70 የተባለው ይህን መጉደል አስቀድሞ አስቦ ነው። ክትባቱ በየጊዜው መታደስ ያለበትም ለዚሁ ነው።

ከዚህ ስሌት ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛው፣ ውሻን በመርዝ መግደል መፍትሔ አይሆንም። ሲገደሉ የተከተቡትም አብረው ይሞታሉ፤ ቦታቸውን የሚይዙት ያልተከተቡ ቡችሎች ናቸው። ሮቶው ላይ ቀዳዳ ጨመርን እንጂ አልደፈንም። ሁለተኛው፣ አማካይ ቁጥር ያታልላል። በከተማው 70 ከመቶ ተከትቦ ያልተከተቡት 30ዎቹ ሁሉ በአንድ ሰፈር ቢሆኑ፣ ያ ሰፈር ለቫይረሱ መኖሪያ ይሆናል። «ሌላው አስከትቧል፣ የኔ አንድ ቢቀር ምን ይሆናል?» የሚለው ሐሳብ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ጎረቤታማቾች ሁሉ እንዲህ ካሰቡ የቀሩት ውሾች ሁሉም አንድ መንገድ ላይ ነው የሚገናኙት።

የበጉ አዙሪት

ቫይረስ ብቻ አይደለም በቀዳዳው የሚያልፈው። በግ ያለው ሰው አዙሪትን ያውቃል፤ በጉ ባለበት ይሽከረከራል፣ ከመንጋው ይለያል፣ በመጨረሻም ይሞታል። ምክንያቱ በአንጎሉ ውስጥ ያደገ በውሃ የተሞላ ከረጢት ነው። ከረጢቱ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ የአንድ ትል ጨቅላ ነው። በጉ ሲታረድ ጭንቅላቱ ለውሻ ከተጣለ ጨቅላው በውሻው አንጀት ውስጥ ትል ሆኖ ያድጋል። ውሻው በየሜዳው ሲጸዳዳ የትሉ እንቁላል ሣሩ ላይ ይበተናል። ሣሩን የጎረቤት በግ ይበላዋል፤ ዑደቱም እንደገና ይጀምራል።

በሳንባና በጉበት ላይ የሚታየው የውሃ ከረጢትም በተመሳሳይ መንገድ ነው የሚዞረው። የዚህኛው እንቁላል በእጅና በምግብ በኩል ወደ ሰው ገብቶ በሰው ጉበት ወይም ሳንባ ውስጥም ያድጋል። መፍትሔው ለሁለቱም አንድ ነው፤ የእርድ ጭንቅላትንና ከረጢት ያለበትን ሆድ ዕቃ ጥሬውን ለውሻ አለመስጠት፣ ይልቁንም በጥልቅ መቅበር ወይም ማቃጠል፣ ለውሻውም በእንስሳት ሐኪም ምክር የትል መድኃኒት መስጠት። በበዓል ማግስት ሰፈር ውስጥ የሚጣለው ነገር የጎረቤትን በግ ሊገድል እንደሚችል አትርሱ።

ጥሩ ጎረቤት ምን ያደርጋል?

ከዚህ ሁሉ በኋላ ሥራው ራሱ ከባድ አይደለም።

ውሻችሁን አስከትቡ፤ ቡችላው ሲወለድም እንደገና አስቡበት። የተከተበበትን ቀን በደብተር ጻፉ። በደንብ አብሉት፤ የጠገበ ውሻ ቆሻሻ ፍለጋ አይዞርም። ለሊት ሲፈታም በግቢው ውስጥ ይሁን፤ የአጥሩን ቀዳዳ ድፈኑ። ቀኑን ሙሉ በአጭር ሰንሰለት ታስሮ የሚውል ውሻ ይበሳጫል፣ ሌሊቱን ሙሉም ይጮኻል፤ ረዘም ያለ ገመድ፣ ውሃና ጥላ አዘጋጁለት። የማትፈልጉት ቡችላ ከተወለደ መንገድ ዳር አትጣሉት። የእንስሳት ሐኪም ካገኛችሁ ማምከን ይቻላል። ወደ ደጋ ከብት ይዛችሁ ስትወጡ የማያስፈልግ ውሻ አታስከትሉ።

የሰውንም ስሜት አስቡ። ሮቤና ጎባ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ ግንብ የሚዋሰኑባቸው ከተሞች ናቸው። ለሶላት የተዘጋጀ ጎረቤታችሁን የውሻ ምራቅ ልብሱን ከነካው ማጠብ ይኖርበታል። ውሻችሁ ሲዘልበት «አይናከስም እኮ!» ማለት መልስ አይሆንም፤ ጠራ አድርጋችሁ ያዙት።

ውሻ ከነከሳችሁ ደግሞ፣ ጭረት ብትሆንም፣ ቁስሉን ወዲያውኑ በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ እጠቡ። አትደብቁ፤ ለቤተሰብ ተናግራችሁ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ። ቫይረሱ በነርቭ ቀስ ብሎ ስለሚጓዝ ከንክሻ በኋላ የሚሰጠው ክትባት ቀድሞት ሊደርስ ይችላል። የባህል መድኃኒት እየሞከሩ መቆየት ይህን ጊዜ ማባከን ነው። የነከሰውን ውሻ ማምለጥ በማይችልበት ቦታ ዘግታችሁ 10 ቀን እንዲታይ አድርጉ፤ በ10 ቀን ውስጥ ጤነኛ ከሆነ ሲነክሳችሁ ምራቁ ቫይረስ አልነበረበትም። እስከዚያ ግን ሕክምናው አይጠብቅም።

የቤት ሥራ

እንደ መሐንዲስ የምወደው ነገር ሊቆጠር የሚችል ችግር ነው፤ ይሄኛው ይቆጠራል። ከእናንተ ቤት ጀምራችሁ በመንገዳችሁ ግራና ቀኝ ያሉትን ግቢዎች በጨዋ ሰላምታ እየጠየቃችሁ ሁለት ቁጥር ብቻ መዝግቡ፦ ስንት ውሻ አለ? ባለፈው ዓመት የተከተበው ስንቱ ነው? ሁለተኛውን ለመጀመሪያው አካፍሉ። ከ0.7 በታች ከሆነ ስንት ውሻ እንደሚቀራችሁ አስሉና ለቀበሌው ወይም ለእንስሳት ክሊኒኩ ውሰዱት። «ውሻ ይከተብ» ከሚል ማሳሰቢያ ይልቅ «በኛ መንገድ 9 ውሻ ይቀራል» የሚል ወረቀት ሥራ ያስጀምራል።